ማደያው መብራት ቢሸጥስ? የነዳጅ ኩባንያዎችና አረንጓዴው ኃይል፣ ከወሎ ሲታይ

ቢፒ የተባለው የእንግሊዝ ነዳጅ ኩባንያ እ.ኤ.አ በ2020 አንድ ትልቅ ቃል ገባ። እስከ 2030 ድረስ የዘይትና የጋዝ ምርቴን በ40 በመቶ እቀንሳለሁ አለ። ሦስት ዓመት ሳይሞላው ቁጥሩን ወደ 25 በመቶ አወረደው። በ2025 መጀመሪያ ላይ ከነጭራሹ ተወው። ለዘይትና ለጋዝ የሚያወጣውን ገንዘብ በዓመት ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር አሳድጋለሁ፣ ለአረንጓዴው ካሰብኩት ላይ ደግሞ በዓመት ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ እቆርጣለሁ ብሎ ቁጭ አለ። (ስለ ውጭ አገር ሳወራ የፈረንጁን ዘመን፣ ስለ ቤታችን ሳወራ የእኛን ነው የምጠቀመው።)

ይሄ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ምኑ ነው? ቢፒ ወሎ ውስጥ አንድም ማደያ የለው። ግን ከሚሌ ተነስቶ በባቲ በኩል ኮምቦልቻ የሚገባው ቦቴ የሚጭነው ናፍጣ ዋጋው የሚቆረጠው እንዲህ ያሉ ኩባንያዎች በሚዘውሩት ገበያ ነው። ከሳዑዲ የሚላከው ሪያልም ምንጩ ነዳጅ ነው። ቃል ሲታጠፍም ሲጠበቅም ውጤቱ እኛ ጋ ይደርሳል።

ብዙ ሰው ኩባንያዎቹን ሲያነሳ ክርክሩን የቅንነት ጉዳይ ያደርገዋል። ከልባቸው ነው ወይስ ለታይታ? እኔ ይሄ ጥያቄ ብዙም አያስኬድም ባይ ነኝ። ኩባንያ ትርፉ ወዳለበት ይሄዳል። ሌላ መንገድ እንዲይዝ የሚያደርገው ወይ ገበያው ነው ወይ ሕጉ። ስለዚህ ማየት የሚገባን ማን እንዳስገደዳቸው፣ ማንስ እንዳላስገደዳቸው ነው።

ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ በ2023 ባወጣው ጥናት፣ በዓለም ላይ ለንጹሕ ኃይል ከሚወጣው ገንዘብ ውስጥ የዘይትና የጋዝ ኩባንያዎች ድርሻ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በ2022 ከራሳቸው የኢንቨስትመንት በጀት ለዚህ ያዋሉት 2.5 በመቶ አካባቢ ነበር። ከእሱም ውስጥ 60 በመቶው ከአራት ኩባንያዎች ብቻ የመጣ ነው። በዚያው ዓመት ሼል ወደ 40 ቢሊዮን፣ ኤክሶን ሞቢል ወደ 56 ቢሊዮን ዶላር አተረፉ። ገንዘብ አጠረን የሚሉበት ዓመት አልነበረም ማለት ነው። ከዘይቱ የሚገኘው ትርፍ ከነፋስና ከፀሐይ ከሚገኘው ስለሚበልጥ፣ ባለአክሲዮኑ ወደዚያው ገፋቸው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ስማቸውን የምንሰማቸው የምዕራብ ኩባንያዎች ከዓለም የዘይትና የጋዝ ምርት የሚይዙት ከ13 በመቶ በታች ነው። ግማሽ በላዩ በመንግሥታት ኩባንያዎች እጅ ነው። የሳዑዲው አራምኮ በ2022 ብቻ 161 ቢሊዮን ዶላር አትርፏል። ለንደንና ሄግ ፍርድ ቤት የሚቆመው ሰልፈኛ እነዚህን አይደርስባቸውም። ሄግ ላይ የተገኘውም ድል ቢሆን አልጸናም። በ2021 አንድ የሆላንድ ፍርድ ቤት ሼል ልቀቱን (ወደ አየር የሚለቀቀውን በካይ ጋዝ) እስከ 2030 በ45 በመቶ እንዲቀንስ ፈርዶ ነበር። በኅዳር 2024 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረው።

“ዜሮ ልቀት” የሚለውም ቃል ጠጋ ብለው ሲያዩት ያሳስቃል። ዘይት ሲወጣ፣ ሲጓጓዝና ሲጣራ የሚለቀቀው ጋዝ ከዓለም የኃይል ዘርፍ ልቀት 15 በመቶ ቢጠጋ ነው። ትልቁ ጭስ የሚወጣው ዘይቱ ሲቃጠል ነው፤ በመኪናችን፣ በጄኔሬተራችን፣ በፋብሪካው። ኤክሶን ሞቢል እስከ 2050 ዜሮ እገባለሁ ሲል የቆጠረው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። አረቄ አውጪዋ “እኔ ጠብታ አልቀምስም” ብላ እንደመኩራራት ነው። ሰፈሩ ግን ሰክሯል።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚገርመኝ ሽያጩ ነው። ኩባንያው ልቀቱን የሚቀንስበት ቀላል መንገድ አለው፤ ጉድጓዱን ለሌላ መሸጥ። ሼል የናይጄሪያን የየብስ ዘይት ሥራውን ለአገር ውስጥ ኩባንያዎች ስብስብ ሸጦ በ2025 ወጣ። በሼል መዝገብ ላይ ልቀቱ ቀነሰ። ዘይቱ ግን መውጣቱን አላቆመም። ይሄን የኢትዮጵያ ሰው በዓይኑ ያየው ነገር ነው። ሼል አገራችን ውስጥ የነበሩትን ማደያዎች ለሊቢያው ኩባንያ ሸጦ ሄደ። ሞቢል የነበረው ቶታል ሆነ። ኦይል ሊቢያ የነበረው ዛሬ ኦላ ኢነርጂ ይባላል። ሰሌዳው ተቀየረ፣ ቀለሙ ተቀየረ። ፓምፑ ያው ነው፣ ናፍጣውም ያው።

ወደ ቤታችን እንግባ።

ኢትዮጵያ ውስጥ “የነዳጅ ኩባንያ” ሲባል ዘይት የሚቆፍር ማለት አይደለም። ቶታል ኢነርጂስ፣ ኖክ፣ ኦላ፣ የተባበሩትና ሌሎቹ አከፋፋዮች ናቸው። ነዳጁን ከውጭ የሚያስገባው የመንግሥቱ የነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ነው። ዋጋውንም መንግሥት ይተምናል። ለማደያው የሚተርፈው በሊትር የተቆረጠች ትንሽ ገንዘብ ናት። ድሮ ቢያንስ የማጣራቱ ሥራ በአሰብ በኩል ነበረ። ማጣሪያው ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ ጀምሮ እስከ 1997 ሠርቷል፤ በዚያን ጊዜ የኮምቦልቻ መንገድ ለመሀል አገር አንዱ የነዳጅ በር ነበር። ዛሬ ሁሉም ተጣርቶ በጅቡቲ ይገባል። አንዳች የምንቆጣጠረው የምርት ደረጃ የለም።

ስለዚህ እዚህ አገር ያለውን ኩባንያ “ለምን አረንጓዴ አትሆንም?” ብሎ መውቀስ ትንሽ ያለቦታው ነው። ምኑን ትቶ አረንጓዴ ይሁን? ጉድጓድ የለው፣ ማጣሪያ የለው። ያለው አንድ ትልቅ ሀብት ግን አለ፤ ቦታ። በየከተማው መግቢያና መውጫ፣ በዋናው አስፋልት ዳር፣ ለትልቅ መኪና የሚበቃ ግቢ። ሽግግሩ ከነዚህ ኩባንያዎች የሚፈልገውም ይሄንኑ ይመስለኛል።

ለምን እንደሚያስፈልግ እንይ። መንግሥት በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ይሄን ያህል የደፈረ አገር በዓለም ላይ አልነበረም። ምክንያቱም ከአየር ንብረት ይልቅ ዶላር ነው፤ ይሄን መደበቅ አያስፈልግም። ነዳጅ በዓመት በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይበላል። መብራቱ ግን ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ የሚመነጭ የራሳችን ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የዓባይ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ነዳጁ ደግሞ ከሰኔ 2014 መጨረሻ ጀምሮ ድጎማው ቀስ በቀስ እየተነሳለት ሰማይ ወጥቷል። ያኔ አዲስ አበባ ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በ2017 ታኅሣሥ መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ከዚያም ወዲህ አልወረደም።

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ሰው እንግዲህ ኤሌክትሪክ መኪናውን ገዝቶ ቤቱ ሰክቶ ያድራል። ወደ ወሎ ልምጣ ሲል ነው ጉዱ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመሀል ጣርማ በር አለ። ደብረ ሲና ላይ ወደ ቆላው ተወርዶ፣ ከኮምቦልቻ በኋላ ደግሞ ሐረጎን መውጣት አለ። ዳገት ባትሪ ይበላል። ቁልቁለት ግን ይመልሳል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ፍሬን ሲይዝ የተወሰነውን ኃይል ወደ ባትሪው ያስገባል። ከደሴ ኮምቦልቻ በሐረጎ የሚወርድ ሰው ይሄን በዳሽቦርዱ ላይ ሲያይ ደስ ይለዋል። ሲመለስ ግን የተከፈለውን ከነወለዱ ያስመልሱታል። እናም ብዙዎቹ የቻይና መኪኖች በአንድ ሙሌት ይሄዳሉ የተባለው ርቀት ለዚህ መንገድ አያስተማምንም። መሀል ላይ መሙያ የግድ ነው።

ማነው የሚተክለው? ማደያው? እስኪ የማደያ ባለቤት ሆነን እናስብ። ቤንዚን የሚቀዳ መኪና በአምስት ደቂቃ ይሄዳል። ፈጣን ቻርጀር ላይ የቆመ መኪና ግማሽ ሰዓት አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቦታ ይይዛል። ፈጣን ቻርጀር የራሱን ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ማሽኑ በዶላር ይገባል። በመንገዱ ላይ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መኪና ገና ጥቂት ነው። መብራቱ ደግሞ ሄድ መጣ ይላል። ይሄን ሁሉ ከቆጠረ በኋላ “ትንሽ ልጠብቅ” ቢል አይፈረድበትም። ገዢው መሙያ የለም ብሎ መኪናውን ወደዚህ አያመጣም። ማደያው መኪና የለም ብሎ መሙያ አይተክልም። ሁለቱም እየተጠባበቁ ነው።

የኖርዌይ ነገር እዚህ ላይ ይጠቅማል። ኖርዌይ ራሷ ነዳጅ አውጪ ናት። በ2024 ግን እዚያ ከተሸጡ አዳዲስ መኪኖች አሥር ውስጥ ዘጠኙ ለማለት ይቻላል ኤሌክትሪክ ነበሩ። ይሄን ያመጣው የነዳጅ ኩባንያው በጎ ፈቃድ አይደለም። መንግሥት በቤንዚን መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጫነ፣ የኤሌክትሪኩን ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ አደረገ። ገዢው ዞረ። ገዢው ሲዞር ማደያዎቹም ዞሩ። ዱሮ የመንግሥቱ ነዳጅ ኩባንያ የስታቶይል የነበሩት፣ ዛሬ ሰርክል ኬ የሚባሉት ማደያዎች ቻርጀር ተከሉ፤ ቡናና ሳንድዊች መሸጡን አጠናከሩ። ሰው ግማሽ ሰዓት ከቆመ ይበላል። ባሕሩ ውስጥ ያለው ዘይት ግን እየወጣ ወደ ውጭ ይሸጣል። ኖርዌይ በቤቷ ንጹሕ፣ በውጭ ነዳጅ ሻጭ ናት። የአየር ንብረት ተከራካሪዎች ይሄን ግብዝነት ይሉታል። ስሙ ምንም ይሁን፣ በአገር ውስጥ የሠራው ነገር ግልጽ ነው።

የቡናውና የሳንድዊቹ ነገር አንድ ሐሳብ ያጭርብኛል። በአዲስ አበባ ደሴ መንገድ ሰው ለምሳ የሚቆምባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ ደብረ ሲና፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ። የሚቆመው ማደያ ውስጥ አይደለም፤ ሆቴሉ ግቢ ነው። እዚያ አንድ ሰዓት ይቀመጣል። ጥብሱ እስኪደርስ፣ ቡናው እስኪፈላ መኪናው ሊሞላ ይችላል። እንግዲህ የነዳጅ ኩባንያዎች በእኛ መንገድ ላይ ተፎካካሪያቸው ሌላ የነዳጅ ኩባንያ ላይሆን ይችላል። የከሚሴ ምግብ ቤት ሊሆን ይችላል! አዲስ አበባ ላይ ትልልቅ የሕዝብ መሙያ ጣቢያ ከከፈቱት አንዱ ኢትዮ ቴሌኮም መሆኑን አስታውሱ። መብራት መሸጥ የነዳጅ ሻጭ ርስት አይደለም። ማደያዎቹ ከዘገዩ ቦታቸውን ሌላ ይይዘዋል፤ ይሄ ለእነሱ እንጂ ለእኛ ኪሳራ አይመስለኝም።

ግን አውቶሞቢል የወሎ ዋና ጉዳይ አይደለም። ዋናው ናፍጣ ነው። አገሪቱ ከምታስገባው ነዳጅ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው እሱ ነው። አይሱዙው፣ ሲኖትራኩ፣ አገር አቋራጭ አውቶቡሱ፣ ትራክተሩ፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካ መጠባበቂያ ጄኔሬተር፣ ሁሉም በናፍጣ ነው። ክልከላው ሲወጣ እነዚህን አልነካም። ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣ ባለ ተሳቢ መኪና በኤሌክትሪክ ይሂድ ቢባል፣ ከአፋር ቆላ እስከ ወሎ ደጋ የሚያወጣው ባትሪ ዋጋም ክብደትም አለው። ቻይና ውስጥ የኤሌክትሪክ ከባድ መኪና እየተለመደ ነው። እኛ ጋ ግን ናፍጣው ገና ብዙ ዓመት አብሮን ይኖራል።

ሰው ናፍጣና ቤንዚንን የሚወድበት ሌላም ምክንያት አለ። በርሜል ውስጥ ይቀመጣል። በ2013 መጨረሻና በ2014 በጦርነቱ ጊዜ ሰሜን ወሎ ለወራት መብራት አልነበረውም። ወፍጮ ቆመ። ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ጠፋ። ያኔ ጄኔሬተርና አንድ ጄሪካን ናፍጣ ያለው ሰው ጌታ ነበር። ጣራው ላይ ሶላር የነበረውም እንዲሁ። በሃይላንድ ላስቲክ ቤንዚን መንገድ ዳር የሚሸጠውን ልጅ ሕገወጥ ነው ብሎ ማባረር ይቻላል። ባጃጅ ነጂው ግን ማደያው ደርቆበት፣ ሰልፉ ረዝሞበት ወደ እሱ ይሄዳል። መስመሩ ሲበጠስ የሚጠግን፣ ማታ የማይጠፋ መብራት ካልመጣ፣ ስለ አረንጓዴ የሚሰጥ ትምህርት እዚህ ሰው ላይ አይሠራም።

ከመንገዱ ወደ ማጀት ልለፍ። ማጀቱ ውስጥ የነዳጅ ኩባንያውን ለማማት ይከብዳል። የወሎ ደጋ ገበሬ ቤት የሚነደው ነዳጅ አይደለም፤ ኩበትና ጭራሮ ነው። ኩበቱ መሬት ላይ ቢቀር ማዳበሪያ ይሆን ነበር። ጭሱ ደግሞ የእናቶችን ዓይንና ሳንባ ይበላል። በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ ፓሪስ ላይ ስለ ንጹሕ ማብሰያ ስብሰባ ተደርጎ 2.2 ቢሊዮን ዶላር ቃል ተገባ። ቶታል ኢነርጂስ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ እስከ 2030 ለ100 ሚሊዮን ሰው በአፍሪካና በሕንድ የሲሊንደር ጋዝ አዳርሳለሁ አለ። ጋዙ ራሱ ከዘይት የሚወጣ ነው። ኩባንያው ይሄን የሚያደርገው ገበያ ፈልጎ መሆኑም አይጠፋንም።

ሆኖም ከኩበት ጋር ሲነጻጸር ጋዙ በእርግጥ ንጹሕ ነው። አፍሪካዊቷን እናት “አንቺ ጋዝ አትጠቀሚ፣ ለአየር ንብረት ጎጂ ነው” ማለት ነውር ነው። የእኔ ጥርጣሬ ሌላ ነው። ሲሊንደሩ በዶላር ተገዝቶ ይገባል። ለከተማ ሰው እንኳ አንድ ጊዜ ሲጠፋ አንድ ጊዜ ሲወደድ የኖረ ዕቃ ነው። እንጀራ ደግሞ በጋዝ ምድጃ መጋገር አስቸጋሪ ነው፤ ምጣዱ ሰፊ ነው፣ እሳቱ እኩል መሆን አለበት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን አገር ውስጥ ይሠራል፣ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ጋዙ ለወጡ፣ መብራቱ ለእንጀራው የሚሉ አሉ፤ ደሴ ላይ ይሄ ያስኬዳል። ቦረና ሳይንት ላይ ግን ሁለቱም ገና ሩቅ ናቸው። እዚያ የተሻሻለ ምድጃ ከሁለቱም ቀድሞ ይደርሳል፤ እሱን ደግሞ የሚሸጥ የነዳጅ ኩባንያ የለም።

አሁን ብዙ ሰው ከአረንጓዴ ኃይል ጋር የማያያይዘውን ነገር ላንሳ። ሪያሉን።

ወሎ ውስጥ ከባቲ እስከ ኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ እስከ ወልድያና ቆቦ ብትሄዱ በዐረብ አገር ገንዘብ የተሠራ ቤት ያልሠፈረበት ከተማ የለም። ልጁ በጅቡቲዋ ኦቦክ በኩል ባሕር ተሻግሮ፣ ልጅቷ በኤጀንሲ በአውሮፕላን ሄዳ የምትልከው ነው። ትምህርት ቤት የሚከፈለው፣ ሱቅ የሚከፈተው፣ ሰርግ የሚደገሰው በእሱ ነው። የሪያሉ መሠረት ነዳጅ ነው። ሪያድ ላይ አንድ ቤተሰብ ሠራተኛ የሚቀጥረው፣ መንግሥቱ ሕንፃ የሚያስገነባው የነዳጅ ገንዘብ ስላለ ነው።

በ2014 እ.ኤ.አ የዘይት ዋጋ ሲወድቅ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ሳዑዲ በጀቷን ቆረጠች። ትልልቅ የግንባታ ድርጅቶች ለሠራተኛ ደመወዝ መክፈል አቃታቸው። በመቀጠል በውጭ ዜጎች ላይ አዲስ ክፍያ መጣ። ከዚያ በፊትም በ2013 እና በ2014 እ.ኤ.አ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተባርረው ተመልሰዋል፤ ያ ከነዳጅ ዋጋ ጋር ሳይሆን ከሥራ ፈቃድ ዘመቻ ጋር የተያያዘ ነበር። ሁለቱም ግን ያሳዩን አንድ ነገር ነው፤ ያ በር በእኛ ፈቃድ አይከፈትም፣ በእኛ ፈቃድም አይዘጋም።

ዓለም ነዳጅ መጠቀሟን በእውነት ከቀነሰች የባሕረ ሰላጤው አገሮች ገቢ ይቀንሳል። የዛሬ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሚሆነውን ማን ያውቃል? እነሱ ራሳቸው ግን ለዚያ ቀን እየተዘጋጁ ነው። የሳዑዲው ራዕይ 2030 የሚባለው ዕቅድ ከነዳጅ ውጭ ለመኖር የታሰበ ነው። በ2023 ዱባይ ላይ የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤውን ኮፕ 28ን የመሩት ሱልጣን አል ጃበር የአቡዳቢው የነዳጅ ኩባንያ የአድኖክ ኃላፊ ናቸው፤ የታዳሽ ኃይሉ ኩባንያ የማስዳርም ሊቀመንበር ናቸው። ማስዳር በ2023 መጀመሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ 500 ሜጋዋት የፀሐይ ኃይል ለማልማት ስምምነት ፈርሟል። ነዳጅ ሻጩም ሶላር ተካዩም አንድ ሰው ነው እንደማለት። እኔ ይሄን አልጠላውም። ገንዘቡ ከዘይት መምጣቱ ካልቀረ፣ በፓኔል መልክ ቢመጣ ይሻላል። የምጠይቀው ስምምነቱ ወደ ምሰሶና ሽቦ መቼ ይለወጣል የሚለውን ነው። ለወሎ ወጣት ደግሞ ሪያድ ሄዶ ግንበኛ ከመሆን እዚሁ ፓኔል ገጣሚ ቢሆን ምን ነበረበት? ኮምቦልቻ ላይ በ2009 የተመረቀ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ምናልባት መነጋገር ያለብን ስለዚህ ነው።

የራሳችን እጅስ ንጹሕ ነው? መስከረም 22 ቀን 2018 በሶማሌ ክልል የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ ተመረቀ። በጎዴ የነዳጅ ማጣሪያ ለመሥራትም የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። የቤንዚን መኪና ከልክለን ማጣሪያ እየገነባን ነው። እንደ ኖርዌይ ሁለቱንም እየሄድንበት ነው፤ ልዩነቱ እኛ ሀብታም አለመሆናችን ነው። ጋዙ ለማዳበሪያ ከዋለ አልቃወምም። ከዳንጎቴ ጋር ጎዴ ላይ ሊሠራ የታሰበው ፋብሪካ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ለማምረት ነው፤ በየክረምቱ ማዳበሪያ ዘገየብኝ የሚለው የደላንታ ገበሬ ይሄን ቢያገኝ ማን ይጠላል? ማጣሪያው ላይ ግን ጥያቄ አለኝ። ደንበኛውን በአዋጅ እየቀነስክ ሱቁን የምታሰፋ ነጋዴ አትሆንም?

ወሎም ብትሆን ከዚህ ፈተና ውጭ አይደለችም። በወረኢሉ አካባቢ ዘይት በተፈጥሮ ከምድር እንደሚንጠባጠብ የሥነ ምድር ተመራማሪዎች መዝግበዋል፤ የዓባይ ተፋሰስ ጥንታዊ ደለል ውስጥ የተፈጠረ ነው። ውጫሌ ላይ የድንጋይ ከሰል አለ። የዘይት ጠብታ ማለት የዘይት ማዕድን ማለት አይደለም፤ እስካሁንም ለንግድ የወጣ ነገር የለም። ግን ወሬው በየጊዜው ይነሳል፤ “ወሎ ነዳጅ ተገኘ” ሲባል ሰው ደስ ይለዋል። ደስታውን እረዳለሁ። ዛሬ የሚገኝ ጉድጓድ ዘይቱ ወጥቶ ገበያ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈጃል። የምሥራቅ አፍሪካዋ ኡጋንዳ በ2006 ያገኘችውን ዘይት ለማውጣት ነው ቶታል ኢነርጂስ እስከ ታንዛኒያ ወደብ የ1,443 ኪሎ ሜትር ቧንቧ እየዘረጋላት ያለው። ሃያ ዓመት ሆነው። ከወረኢሉ ዘይት ጋር የሚመጣን ኩባንያ ሳስብ የሚታየኝ ይሄ ነው።

ከዘይት ቆፋሪዎች አንድ በእርግጥ የሚጠቅመን ነገር አለ፤ የመቆፈር ጥበባቸው። ከወሎ ቁልቁል አፋር ተንዳሆ ላይ የእንፋሎት ኃይል አለ። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ ጀምሮ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረውበታል። ለዚህ የሚያስፈልገው መቆፈሪያ፣ የሥነ ምድር ጥናትና ባለሙያ ከዘይት ቁፋሮ ጋር ተቀራራቢ ነው። ውድ የሚያደርገው የመጀመሪያዎቹ ጉድጓዶች ባዶ ሊሆኑ መቻላቸው ነው። ዘይት ፈላጊ ኩባንያ ይሄን ዓይነት ኪሳራ መሸከም ለምዷል። ውኃ ሲቀንስ ግድቦቻችን ይቀንሳሉ፤ እንፋሎቱ ግን ድርቅ አያውቅም። የ66ቱንና የ77ቱን ድርቅ ያየ አገር ኃይሉን በሙሉ በዝናብ ላይ ባይጥል ጥሩ ነው።

በ2027 እ.ኤ.አ ኮፕ 32 አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። የነዳጅ ኩባንያ ሰዎችም መምጣታቸው አይቀርም፤ በየጉባኤው ይመጣሉ። በ2025 ብራዚል ቤሌም ላይ በተደረገው ጉባኤ የመጨረሻው ሰነድ ነዳጅን በስሙ እንኳ ሳይጠራ ወጣ። አዲስ አበባ ላይ ከእነሱ ቃል ለማስገባት መድከም አያዋጣም። የሚታይ ነገር መጠየቅ ይሻላል። ለምሳሌ ማደያ ያላቸው ኩባንያዎች በዋና መንገድ ላይ ፈቃድ ሲያሳድሱ ቻርጀር የሚሆን ቦታና መስመር እንዲያዘጋጁ ማድረግ የእኛው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ሥራ ነው። ለዚህ የማንም ጉባኤ ፈቃድ አያስፈልግም። በምላሹ መብራት ሸጠው የሚያገኙት ትርፍ ከናፍጣ ሳንቲማቸው የተሻለ እንዲሆን ታሪፉን ማስተካከል ነው። ያኔ ማንም ሳይለምናቸው ይተክላሉ።

ከዚያ ሁሉ በፊት ደግሞ ባቡሩ አለ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርስ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር መስመር በ2007 መሠራት ተጀመረ። የቱርኩ ያፒ መርኬዚ ነው የሠራው። መስመሩ በኤሌክትሪክ እንዲሄድ ነው የተነደፈው። በከሚሴ በኩል ያለፈ ሰው ድልድዩንና ዋሻውን ያያል። ብዙው ክፍሉ አልቋል። ጦርነቱ ጎዳው፣ የኃይል መስመሩና ገንዘቡ አጓተቱት። ዛሬም መደበኛ ባቡር አይሄድበትም። ይሄ መስመር ቢሠራ አዋሽ ላይ ከጅቡቲው ባቡር ጋር ይገናኛል፤ የኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ዕቃ ያለ ናፍጣ ይመጣል። ባትሪው፣ ቻርጀሩ፣ ዳገቱ የሚባለው ችግር ሁሉ ለከባድ ጭነት ይቀራል። ከየትኛውም ኩባንያ ቃል መቀበል አያስፈልገውም፤ የኃይል መስመር፣ ጥገናና ሰላም ነው የሚፈልገው።